መምህሩ ለፈተና ሲቀመጥ

የመቂ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራንና የሙያ ፈቃድ ምዘና ዝግጅት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መቂ በሽንኩርት ሽታ ትታጠናለች። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የቆሙት አይሱዙዎች ጆንያ በጆንያ ላይ ተጭኖባቸው ሸራ እየለበሱ ነው። ጫኞች ይጮኻሉ፤ ደላሎች ስልክ ላይ ናቸው፤ ባለጋሪው በባጃጆች መሐል እየተሹለከለከ ያልፋል። ቲማቲም የሞላ ሣጥን የተሸከመች ልጅ ጥላ ፍለጋ ወደ ግራሩ ሥር ትጠጋለች።

ከገበያው ጀርባ ባለ ግቢ በረንዳ ላይ ሌላ ሥራ ተይዟል። አራት መምህራን አንዲት ጠረጴዛ ከበዋል። ሁለቱ ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፣ አንዱ ታሪክ፤ አራተኛዋ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ መምህርት ናት። ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ የተበላ አትላስ፣ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል መማሪያ መጻሕፍት፣ ሁለት ደብተር፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይታያል። ጀበናዋ ከምድጃው እስከ ጠረጴዛው ትመላለሳለች።

ስልኩን የያዘው ወጣት ጥያቄ ያነብባል። «ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው ወንዝ የቱ ነው? ሀ. መቂ፣ ለ. ከታር፣ ሐ. ቡልቡላ፣ መ. አዋሽ።»

«ሐ!» አሉ ሁለቱ ባንድ አፍ።

በዕድሜ ጠና ያሉት፣ ሌሎቹ «ጋሼ» የሚሏቸው የጂኦግራፊ መምህር ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ይኼንንማ ሐይቁ ዳር ከብት የሚያጠጣው ልጅም ይነግርሃል» አሉ። «እስኪ እኔ ልጠይቃችሁ። እዚህ ያለው የሽንኩርት እርሻ ሁሉ ሞተሩን አስነስቶ ከዝዋይ ውኃ ሲስብ፣ ክፉኛ የሚጎዳው ራሱ ዝዋይ ነው ወይስ ሌላ ሐይቅ? ለምን?»

በረንዳው ጸጥ አለ። የገበያው ጫጫታ ብቻ ይሰማል።

ሁሉም የሰማው፣ ጥቂቱ የሚያውቀው

መምህራን የሙያ ፈቃድ ፈተና እንደሚፈተኑ ያልሰማ ወላጅ ዛሬ አይገኝም። ምን እንደሚፈተኑ፣ ለምን እንደሚፈተኑና እንዴት እንደሚዘጋጁ ሲጠየቅ ግን ወሬው ይሳሳል። አንዱ በክረምት ለመምህራን ከሚሰጠው ሥልጠና ጋር ያቀላቅለዋል፤ ሌላው የወደቀ መምህር በማግስቱ የሚባረር ይመስለዋል፤ ሦስተኛው «ለይስሙላ ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

የጉዳዩ አመጣጥ እንዲህ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ2004 ዓ.ም. ገደማ አገር አቀፍ የመምህራን ሙያ ደረጃ አወጣ። ደረጃው አንድ መምህር ሊያውቀውና ሊያደርገው የሚገባውን በሰባት መስፈርቶች ይዘረዝራል። ተማሪን ማወቅ፣ የሚያስተምሩትን ማወቅ፣ ማቀድ፣ ምቹ የመማሪያ ሁኔታ መፍጠር፣ መመዘን፣ ራስን በሙያ ማሳደግ፣ ከባልደረቦችና ከወላጆች ጋር መሥራት። የሙያ ፈቃድ መስጠትና ማደስ የሚባለው ሥርዓት የተተከለው በዚህ መሠረት ላይ ሲሆን፣ ምዘናው የተጀመረውም በዚያው በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። መምህሩ በጽሑፍ ይፈተናል፤ ጥያቄዎቹ በከፊል የሚያስተምረውን የትምህርት ዓይነት፣ በከፊል የማስተማር ሙያውን ይመለከታሉ። ከጽሑፉ ሌላ «ማህደረ ተግባር» የሚባል የሥራው ማስረጃ አለ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ለዓመታት ነገሩ በዝግታ ሲጓዝ ቆየ። ከዚያ የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጣ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ፣ ኩረጃ ተዘግቶበት፣ ግማሹን ነጥብ ያገኘው ተፈታኝ ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ብዙ ያልተወራለት አንድ ቁጥር ነበር። በተፈጥሮ ሳይንስ ያለፈው ከመቶ 6.8 ሲሆን፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ያለፈው 1.3 ነው። መቶ ልጆች የታሪክና የጂኦግራፊ ወረቀት ይዘው ከተቀመጡበት አዳራሽ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ይዞ የወጣው አንድ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ጣት ወደ መምህሩ ዞሯል። መቂ ላይ ያገኘኋት፣ ሁለት ልጆቿን ያስተማረች የገበያ ነጋዴ «ልጄ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ካላለፈ፣ መጀመሪያ መፈተን ያለበት ያስተማረው ነው» ትላለች። ምሬቷ ይገባኛል። በረንዳው ላይ ያሉት መምህራንም ይገባቸዋል፤ ወላጆች ናቸውና። የሚያነሱት ጥያቄ ግን አለ። «ይፈትኑኝ፤ ግን ለፈተናው ማን አዘጋጀኝ?»

ሶሻል የገባ ሰው

የማኅበራዊ ሳይንስ መምህሩን ሸክም ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ከመቶ 70ው በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ወሰነ። ውሳኔው የራሱ የልማት ምክንያት ነበረው። በየትምህርት ቤቱ ግቢ የተተረጎመው ግን በሌላ መንገድ ነው። ጎበዝ ናቹራል ይገባል፤ የቀረው ሶሻል። «ሶሻል ደረቅ ንባብ ነው፣ ሸምድደህ ታልፋለህ» የሚለው አባባል ከዐሥረኛ ክፍል ጀምሮ ልጆች ጆሮ ውስጥ ሰረገ።

ከዚያ ሶሻል ከገባው መሐል መምህርነት የደረሰው ብዙ ጊዜ በምርጫው አልነበረም። የታሪክ መምህሩ ይህን ሲናገር አይሸሽግም። ሕግ ነበር የፈለገው። ነጥቡ አልደረሰም፤ ታሪክ ተመደበ፤ ከተመረቀ በኋላ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማውን ይዞ ክፍል ገባ። «ታሪክን የወደድኩት ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው» አለኝ። «ልጆቹ የማልመልሰውን ሲጠይቁኝ።»

መምህርቷ የመጣችበት መንገድ ይለያል። ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ መምህራን ኮሌጅ ገብታ በዲፕሎማ ተመረቀች፤ ዲግሪዋን የያዘችው በክረምት ትምህርት ነው። ሌሎች ክረምቱን ሲያርፉበት እሷ ሻንጣዋን ይዛ ዩኒቨርሲቲ ትገባ ነበር። የምታስተምረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምሩት በዚሁ ቋንቋ ነውና። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመለማመጃ ፋይል ታነብባለች፣ በአፋን ኦሮሞ ታስባለች፣ ከባልደረቦቿ ጋር በአማርኛ ትከራከራለች። ዝዋይ ለእሷ መጀመሪያ ሃሮ ደንበል ነው።

በ2015 ዓ.ም. ተግባራዊ መሆን የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ነገሩን አክብዶታል። ይዘቱ ተለወጠ፤ የክፍል እርከኑም ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆነ። መጽሐፉ ግን በእጅ ሳይደርስ በስልክ ደረሰ። ብዙ መምህር አዲሱን መጽሐፍ ያነበበው በሶፍት ኮፒ፣ በጣቱ እያሰፋ ነው። ተማሪውም እንደዚያው፤ ስልክ ያለው ቤተሰብ ልጅ ከሆነ።

ማስመስከር

የመምህር ፈቃድ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ አልስማማም። ከማንኛውም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በፊት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የራሱ ምስክርነት ነበረው፤ አሁንም አለው። ቃሉ ራሱ «ማስመስከር» ነው። ድጓ የተማረ ሰው ምንም ያህል ቢያውቅ፣ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር አይባልም። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ቦታ ዙር አባ ነው። ቦታው የታወቀ፣ ደረጃው የታወቀ፣ አቋራጭ የሌለው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ለማስመስከር የሄደው ተማሪ መምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። ይሰማል፣ ይቀጸላል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል። ያው የሚያርመው መምህር ነው በመጨረሻ የሚመሰክርለት። ዝግጅቱና ፈተናው የአንድ ነገር ሁለት ጫፍ ናቸው። በዛሬው ሥርዓት ግን ፈታኙ ሌላ ቦታ፣ ተፈታኙ ሌላ ቦታ ነው፤ በመሐላቸው ያለውን ባዶ ሜዳ መምህሩ ለብቻው ይሻገረዋል። በደንቡ መሠረት አዲስ መምህር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በነባር አማካሪ መምህር ሊደገፍ ይገባል፤ ይህ በትክክል ቢሠራ ለማስመስከር የቀረበ ነገር ይሆን ነበር። በብዙ ትምህርት ቤት ግን አማካሪው ራሱ ክፍለ ጊዜው ሞልቶ የሚሮጥ ሰው ነው፤ ቅጽ ይሞላል፣ ይፈርማል፣ ያልፋል።

በዚህ የተነሳ ነው የመቂው በረንዳ ትኩረቴን የሳበው። ማንም አላዘዛቸውም። የውሎ አበል የለውም። ቡናውን በየተራ ያፈላሉ።

ፋይሉ

በስልኩ ውስጥ ያለው ፋይል ከቴሌግራም የመጣ ነው። ከየት እንደተነሳ የሚያውቅ የለም። አንዱ መምህር ለሌላው፣ ሌላው ለቡድን፣ ቡድኑ ለሌላ ቡድን ሲያስተላልፈው ከአዳማ ባቱ፣ ከባቱ ሻሸመኔ ይደርሳል። አርእስቱ ትልቅ ነው፤ መልሱ መጨረሻ ገጽ ላይ አለ። ከመልሶቹ አንዳንዱ ስሕተት ነው።

የጂኦግራፊው ወጣት ይህን ያወቀው በአጋጣሚ ነው። አንድ ጥያቄ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጥልቁ የቱ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ፋይሉ «ዝዋይ» ይላል። ዝዋይን በጀልባ የተሻገረ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ዝዋይ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ሻላ ነው። «ስንቱ ሰው ይኼን ሸምድዶ ገብቶ ይሆን?» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደንብ አወጡ። የፋይሉ መልስ የሚታየው አራቱም የየራሳቸውን መልስ ከእነ ምክንያቱ ደብተር ላይ ከጻፉ በኋላ ነው። ያልተስማሙበት ጥያቄ በመጽሐፍ ይመረመራል። በመጽሐፍ ያልተገኘ ለሳምንት ይቀመጣል። ይህ አሠራር ያዘገያል፤ በአንድ ቅዳሜ ሃያ ጥያቄ እንኳ የማይጨርሱበት ጊዜ አለ። ሌሎች የሚያውቋቸው መምህራን በአንድ ሌሊት ሁለት መቶ ጥያቄ «ይጨርሳሉ»።

እኔ ለዘገምተኞቹ እፈርዳለሁ። የማኅበራዊ ሳይንስ ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚታወስ ነው፤ ዓመተ ምሕረት፣ ስም፣ ቦታ። ሌላው የሚታሰብ ነው፤ ምክንያትና ውጤት፣ ንጽጽር፣ ማስረጃን መመዘን። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉም ከባልደረቦቹ ጋር በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የዕውቀት ደረጃዎች ዝርዝር ሁሉም መምህር ኮሌጅ ውስጥ ተምሮታል፤ ከማስታወስ ይጀምርና ወደ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን ይወጣል። በሙያ ክፍሉም ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። ችግሩ ስለ ደረጃዎቹ የሚጠየቀውን ጥያቄ ራሱን በመጀመሪያው ደረጃ ማለትም በሽምደዳ የሚያጠናው ሰው መብዛቱ ነው። ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል፣ ለምሳሌ አንድ የክፍል ውስጥ ገጠመኝ ተጽፎ «መምህሩ ቀድሞ ምን ያድርግ?» ሲል፣ የሸመደደው ሰው እጁ ላይ ምንም አይቀርም።



ከእግር በታች ያለው መጽሐፍ

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ።

ከጥቂት ዝምታ በኋላ መምህርቷ ናት የጀመረችው። አትላሱን ሳበች። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ከፍታዎች፣ ከታር ከአርሲ ተራሮች ወርደው ዝዋይ ይገባሉ። ዝዋይ ሞልቶ በቡልቡላ በኩል ይወጣል። ቡልቡላ ወደ ደቡብ ፈስሶ አብያታ ይገባል። አብያታ መውጫ የለውም፤ የገባው ውኃ የሚወጣው በትነት ብቻ ነው፤ ጨው ደግሞ አይተንም።

«ስለዚህ...» አለች፤ ጣቷ ካርታው ላይ ቆመ። «ዝዋይ ትንሽ ሲቀንስ ቡልቡላ በጣም ይቀንሳል። ሐይቁ ከመውጫው ከንፈር በታች ከወረደ ወንዙ ይቆማል። ያኔ አብያታ ይደርቃል። የሚጎዳው አብያታ ነው።»

«ዝዋይ ውኃው የሚጠጣ፣ አብያታ ጨዋማ የሆነውስ?»

«ዝዋይ ይታጠባላ። መውጫ አለው።»

ጋሼ ፈገግ አሉ። ወጣቱ ደብተሩ ላይ ቀስት እየሳለ ነበር። እዚህ ውስጥ ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ትነት፣ መስኖ፣ የሽንኩርት ገበያ፣ የአብያታ ሶዳ አሽ፣ የብሔራዊ ፓርክ አእዋፍ አንድ ላይ ተሰፍተዋል። የአብያታ መሸሽ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ሐይቁ የነበረበት ዳርቻ ዛሬ ነጭ ሜዳ ነው።

ይህ አካባቢ ለማኅበራዊ ሳይንስ መምህር የተጻፈ መጽሐፍ ይመስለኛል። ጂኦግራፊን እንይ። መቂ የተቀመጠችው አህጉር በሚሰነጠቅበት መስመር ላይ ነው። በዓለም የሥነ ምድር ጽሑፎች ውስጥ የሚጠቀሰው የወንጂ የስንጥቅ ቀጠና ስሙን ያገኘው አዳማ አጠገብ ካለችው ወንጂ ነው። ከዝዋይ በስተደቡብ ያለው አሉቶ እሳተ ገሞራ የአገሪቱ የመጀመሪያው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ነው። ታሪክ ደግሞ ከዝዋይ በስተምዕራብ ካለው ጋደሞታ ይጀምራል፤ እዚያ ከኦብሲዲያን የተሠሩ፣ ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በሐይቁ ላይ የዛይ ሕዝብ ደሴቶች፣ በቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ። ወደ ሰሜን ስንሄድ ቆቃ ግድብ አለ፤ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዶች ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ በደርግ ዘመን ተወረሰ። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ስለ ወረራ፣ ስለ ካሣ፣ ስለ ውጭ ባለሀብትና ስለ ንብረት መውረስ ለመማር ከአውቶብስ መስኮት ውጭ ማየት ይበቃዋል። ዜግነት ትምህርት የሚያስተምር ሰው ገዳ አለው፤ በስምንት ዓመት የሚቆጠር የሥልጣን ርክክብ፣ ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት የመዘገበው።

ኢኮኖሚክስስ? ከበረንዳው ጀርባ ያለው ገበያ ነው። የታሪክ መምህሩ ደመወዙ ስላልበቃው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት ተክሎ ነበር። የተከለው ዋጋው ሰማይ በነካበት ወቅት ነው። ችግሩ በዚያ ወቅት የመቂ፣ የባቱና የአለም ጤና ሰው ሁሉ ተክሏል። ምርቱ አንድ ላይ ደረሰ፤ ዋጋው ወደቀ፤ ሽንኩርት ደግሞ እስኪወደድ አይጠብቅም፣ ይበሰብሳል። ያወጣውን እንኳ አልመለሰም። «የአቅርቦትና የፍላጎትን ሕግ በገንዘቤ ነው የገዛሁት» አለ። ጋሼ አላሳለፉትም። «እሱን ለልጆቹ ነግረሃቸዋል?» ሲሉ ጠየቁት። አልነገራቸውም። አፍሮ ነበር።

ተማሪው አባቱ ማሳ ላይ የሚያጣውን ገንዘብ ክፍል ውስጥ ሲተነትን መዋል ይችል ነበር። ይህ ነው የሚቆጨኝ። ለፈተና የሚዘጋጁት ሰዎች ከፈተናው የሚበልጥ ዕውቀት በእጃቸው ይዘው፣ ዕውቀት የሚሉት ግን ስልኩ ውስጥ ያለውን ነው። የቴሌግራሙን ፋይል አውርደው ማሳውን ዘለሉት። በዚያ በረንዳ ላይ ከቅዳሜ ቅዳሜ ሲለወጥ ያየሁት አንድ ነገር ግን አለ። መጀመሪያ ላይ ጥያቄውን ከስልክ ያነብቡ ነበር፤ በኋላ ራሳቸው ጥያቄ ማውጣት ጀመሩ።

ጥያቄ ማውጣት ከመመለስ ይከብዳል። አራት ምርጫ ሲጻፍ፣ ትክክለኛው አንዱ ነው፤ ሦስቱ ማዘናጊያዎች ግን ተማሪው በእርግጥ የሚሳሳተውን ስሕተት የሚመስሉ መሆን አለባቸው። ያን ለመጻፍ ተማሪህ የት ላይ እንደሚሰናከል ማወቅ አለብህ። ይዘቱንና የጥያቄውን ክብደት በቢጋር ማመጣጠን አለብህ። ይህን አዘውትሮ የሠራ መምህር የሙያ ክፍሉን ጥያቄ ከውስጥ ያውቀዋል፤ ሰኞ ለክፍሉ የሚያወጣውም ፈተና ይሻሻላል።

ማህደሩ

ማህደረ ተግባር መምህሩ በሥራው ላይ ያለውን ብቃት የሚያሳይበት ጥርቅም ነው። የትምህርት ዕቅዶች፣ ያወጣቸው ፈተናዎች፣ የተማሪዎች ሥራ ናሙና፣ ተግባራዊ ምርምር፣ ከወላጆች ጋር የተደረገ ግንኙነት ማስረጃ። በሐሳብ ደረጃ ከጽሑፍ ፈተናው የበለጠ እውነተኛ ነው። በተግባር ግን መምህራን ራሳቸው የሚነግሩኝ ሌላ ነው። ጊዜው ሲደርስ ፎቶ ኮፒ ቤት ይጨናነቃል፤ ያልተካሄደ ምርምር ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል፤ ስሙ ብቻ ይቀየራል።

መምህርቷ ከዚህ የተለየ ነገር ይዛ መጣች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቿ አያቶቻቸውን «የመቂ ወንዝ በልጅነታችሁ እንዴት ነበር?» ብለው ጠይቀው የጻፉትን ሰብስባለች። ሰላሳ ስምንት ወረቀት። አንዱ አያት ወንዙ ሞልቶ ከብት የወሰደበትን ዘመን ያስታውሳሉ፤ ሌላዋ ሴት አያት የት የት ቀድተው እንደነበር፣ አሁን ቦታው ማሳ እንደሆነ። ወረቀቶቹ የተጻፉት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አንዳንዱ በጣም አጭር፣ አንዳንዱ ከመስመር የወጣ። እሷ ማታ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ እያንዳንዱን አንብባ አርማለች። ለዝግጅት ያላት ሰዓት ያው ማታ ነው፤ ከእራት በኋላ፣ መብራት ካለ። ሌሎቹ ሦስቱ ወንዶች ይህን ሲሰሙ ከእንግዲህ ቡናውን እሷ እንዳታፈላ ወሰኑ።

«ይኼ እኮ ምርምር ነው» አላት የታሪክ መምህሩ። እሷ የቤት ሥራ ነበር የመሰላት።

የመፈተን ፍርሃት

ስለ ፍርሃቱ ሳልናገር ብቀር እበድላለሁ። መምህር ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲፈትን ኖሮ ሲፈተን ያፍራል። ተማሪው ውጤቱን እንዳይሰማ፣ ጎረቤት እንዳያውቅ ይፈልጋል። ጋሼ ሃያ ዓመት አስተምረዋል፤ «ባልፍ ምን ይጨምርልኛል፣ ብወድቅ ግን ምን ፊት ይዤ ክፍል እገባለሁ?» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ከፍርሃቱ ሥር የቆየ ጥርጣሬም አለ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ነው፤ በየካቲት 1966 መምህራኑ ሥራ ያቆሙት ከላይ በወረደባቸው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ላይ ተቃውሞ ይዘው ነበር፤ ያ አድማ የአብዮቱ መባቻ አካል ሆነ። የታሪክ መምህሩ ይህንን ሲያስተምር ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «መምህራኑ የተቃወሙት ለውጡን ነው ወይስ ሳይጠየቁ መቅረታቸውን?» ተማሪዎቹ ይከራከራሉ። ይህ ጥያቄ ዛሬም የሚሠራ ይመስለኛል። የወደቀው መምህር በየትኛው ይዘት እንደወደቀ ካልተነገረው፣ ምን አንብቦ እንደሚመለስ ካልታየው፣ ነጥብ ብቻ ይዞ ይመለሳል። ነጥብ ደግሞ አያስተምርም።

የሌሎች አገሮች ልምድ በዚህ ረገድ ይጠቅማል። ሕንድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕከላዊ የመምህራን ብቃት ፈተና ትሰጣለች፤ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ማኅበራዊ ትምህርት ማስተማር ለሚፈልግ ሰው ከ150ው ጥያቄ 60ው የማኅበራዊ ትምህርት ነው፤ ከእነዚያም 20ው ይዘቱ እንዴት እንደሚሰጥ የሚጠይቁ ናቸው። ይዘቱ ምን ምን እንደሆነ አስቀድሞ ታትሞ ይወጣል። ፊሊፒንስም መምህራኗን በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ በፈቃድ ታሠራለች። በሁለቱም አገር በየጎዳናው የፈተና ማዘጋጃ ቤቶች ተከፍተዋል፤ ገንዘብ ያለው ይዘጋጃል። የመቂ መምህር ያ ገንዘብ የለውም። ያለው በረንዳ ነው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም ትምህርት ቤቱ ለዚያ በረንዳ አንድ ክፍል፣ ጥቂት የታተመ መጽሐፍ፣ በሳምንት ሁለት ነፃ ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው ሥራው ምን ያህል እንደሚቀልል አራቱን አይቶ መገመት ቀላል ነው። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ተብሎ በወረቀት የሚያዘው ሰዓት ለዚህ ካልዋለ ለምን ይውላል?

ወደ ቡልቡላ የተደወለ ስልክ

ሊመሽ ሲል የገበያው ጩኸት ቀዘቀዘ። አይሱዙዎቹ አንድ በአንድ መብራታቸውን አብርተው ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ። መብራት ጠፋ። ወጣቱ የስልኩን ባትሪ አብርቶ አትላሱ ላይ አስቀመጠው።

ጥያቄ ሊሆን የተጻፈው ነገር አልተቋጨም ነበር። መምህርቷ «ቡልቡላ በደረቅ ወራት ሙሉ በሙሉ ይቆማል» ብላ እንደ ትክክለኛ መልስ ጽፋለች። ጋሼ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም ይላሉ። መጽሐፉ አይናገርም። ፋይሉም አይናገርም።

«ቆይ» አለች፤ ስልኳን አወጣች። ቡልቡላ ከተማ የሚኖር አጎት አላት። ስልኩ ጠራ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰላምታው ረዘም አለ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እናቷ። ከዚያ «ለግኒ ቡልቡላ አከም ጂረ?» ስትል ስለ ወንዙ ጠየቀች።

አጎትዬው ወዲያው አልመለሱም። ከዚያ መናገር ጀመሩ፤ ዘንድሮ እንዴት እንደነበር፣ አምና እንዴት እንደነበር፣ ሞተሮቹ የበዙት ከየትኛው ዓመት ወዲህ እንደሆነ፣ ከብቶቹን ወዴት ማጠጣት እንደጀመሩ። የታሪክ መምህሩ ደብተሩን ገልጦ በስልኩ ባትሪ ብርሃን መጻፍ ጀመረ።